ሦስተኛው ረድፍ

ለወንድሜ ለሰዲቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ካለህበት በጤና ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያው እንደምታውቀው ነው። ማሾው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እማም ደህና ናት። ያኔ ከጅቡቲ አንዴ ከደወልክ ወዲህ ስልኩን መስገጃው ላይ፣ አጠገቧ አድርጋ ነው የምትሰግደው።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ትተኸው በሄድከው ደብተር የእንግሊዝኛ ግስ እያጠናሁ ነው፤ በሦስት ረድፍ የጻፍካቸውን። ሁለቱ ረድፍ ገብቶኛል፣ ሦስተኛው ግን አስቸገረኝ። "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን" እያልኩ ስሸመድድ እማ ትርጉሙን ጠየቀችኝ።

"ይሄዳል፣ ሄደ፣ ሄዷል" አልኳት።

"ሌላ አጥኚ" ብላኝ ወጣች።

ማክሰኞ ተፈተንን። ቲቸር ሰለሞን እንዳስተማረን ሰው ሄዶ ከተመለሰ "ቢን" ይባላል፤ ሄዶ ካልተመለሰ "ጎን"። ጥያቄው "ባዶ ቦታውን ሙሉ" የሚል ነበር፤ "ወንድሜ እዚህ የለም፤ ጅቡቲ..." ይላል። እኔ "ቢን" ብዬ ሞላሁ። ቲቸር በቀይ ኤክስ አደረገብኝ።

"ይሄን እኮ ታውቂዋለሽ" አለኝ።

አዎ፣ አውቀዋለሁ።

እማ ቀዩን አይታ "ምን ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"ሄዶ ተመልሷል ብዬ።"

ወረቀቱን ተቀበለችኝና አጣጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

በል ሰዲቅ፣ አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። ይቺንም አድራሻህን እስክናውቅ፣ እንደ ሌሎቹ አምስት ደብዳቤዎች ደብተርህ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ ያለበት ገጽ ላይ።

እህትህ ኑርሃን