ሶስና አንተን ልታስነሣ የሄደች ቀን

ደምሰውዬ፣ የሶስና አባት፤

አርባህን ካወጣን ሰነበትን፤ ሰማንያህ እየደረሰ ነው። ቤቱ ያው ነው። ከአልጋው ያንተን ጎን ግን እስካሁን አልተኛሁበትም። ዛሬ የምጽፍልህ ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጅህ ጋር ታዩት የነበረውን ተከታታይ ካርቱን ታስታውሳለህ? ባለ ክንፎቹ ተዋጊዎች ያሉበትን። ልጁ በበትሩ ባሕር ሲከፍል «ይሄ ሙሴ ነው» ትላታለህ፤ መርከቧ በጎርፉ ላይ ስትንሳፈፍ «ይሄ ደግሞ ኖኅ»። የቆሎ ተማሪነትህ ይነሣብህና ከእሷ ብሰህ ትጮህ ነበር። ንጉሡ ስለ ሕዝቡ ሞቶ በሦስተኛው ቀን የመቃብሩን ድንጋይ ፈንቅሎ ሲወጣ ጊዜ «ይቺን ከወንጌል ነው የወሰዷት፤ እውነት ናት» አልካት።

ልጅህ ይህን ያዘች። የሣልስትህ ዕለት የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። ለቅሶ ደራሹ «ልጅ ምን ያውቃል» አለ፤ እኔም እንደዚያ መሰለኝ። አንድም ቀን አላለቀሰችም።

ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ክፍል ደግመው አሳዩት። ጓሮ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ሶስና የለችም። ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ሱቅ ሄድኩ፣ የለችም። ባጃጅ ገጭቷት ይሆናል ብዬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰው ላኩብኝ።

መቃብርህ ላይ አገኘኋት። ድንጋዩን ትገፋለች፤ ጣቶቿ ደምተዋል።

«እማዬ፣ ከብዶት ነው የቀረው። ነይ አግዢኝ» አለችኝ።

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አይነሣም ብላት እምነቷን ልሰብር ነው፤ ይነሣል ብላት ነገም ተመልሳ ልትመጣ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ይነሣል። ግን ሁላችንም አብረን ነው የምንነሣው። ቀኑን እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያውቀው» አልኳት።

«ነገ ነው?»

«አይመስለኝም፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እስኪደክማት አለቀሰች፤ አዝዬ ቤት አስገባኋት።

አሁን ቀሚሴን ይዛ ነው የምትውለው። ሳስል ትደነግጣለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እደነግጣለሁ፤ ያንተም ሕመም የጀመረው በሳል ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ ለእሷ አልነገርኳትም። እኔም ብሄድባት ማን አላት?

ካርቱኑን አልከለከልኳትም። አብሬያት እቀመጣለሁ፤ እንዳንተ ባላውቅበትም ይሄ እንትና ነው እላታለሁ። ሳቅህን፣ ጩኸትህን፣ ስሟን ስትጠራ የምታረዝመውን ነገር እነግራታለሁ። አንተን ሳላነሣላት አንድ ቀን አይመሽም፤ ብቻ ዕድሜ ይስጠኝ።

ሚስትህ