ያማረሽ የማሽላ እንጀራ

ይድረስ ለጥሩዬ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ እንደምን ከርመሻል ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔ ግን እሱን ልተወው፤ መልሱን የሚያመጣልኝ መንገደኛ የለም። ከተለየሽኝ ለመጪው ነሐሴ ሰባት ዓመት ይሞላል። እኔ አለሁ። ልጅሽ ማስረሻም አለች። «አለች» የምትለዋን ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም አለ፤ ምክንያቱን ስደርስበት እነግርሻለሁ።

ከቤተ ልሔም ዜማ ቤት ድጓውን ሳልጨርስ ወጥቼ ሳገባሽ፣ ይህ ሁሉ ቀለም ለበሬዎቹ ምን ሊፈይድላቸው ነው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ለዚህ ቀን ኖሯል። ለሌላ ሰው የማልነግረውን ላንቺ ልጽፍበት ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ከጓሮ የተከልሽው ባሕር ዛፍ ከጣሪያው በላይ ሆኗል። ቦራዋ ላም ሞታለች፤ ጥጃዋ ግን ላም ሆና ትታለባለች። እናትሽ አንቺ ከሞትሽ ጀምሮ ልጅቷን ለማሳደግ ከእስቴ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ወፍጮሽ ከቦታው የለም። ትልቁ ማሳም ገብስ ከተዘራበት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አተርና ድንች ነው ያለበት። የጋይንት ሰው ሆኖ ገብስ የተወ እኔን አየሽ እንግዲህ። ጭቃ ሹሙ ሳይቀር፣ ሰውዬው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልቡ ተነክቷል ይላል አሉ። ይበል።

በሽታሽን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ያኔ ያየሁትንና ዛሬ የማውቀውን ማጋጠም አለብኝ። ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሆድሽ ይነፋ ጀመር፣ የበላሽው አይረጋልሽም። ከንፈርሽ ከዳርና ከዳር ይሰነጠቃል፤ ምላስሽ ተልጦ በርበሬ አያስቀርብሽም። ሁለት ጊዜ አርግዘሽ ሁለቱንም ጊዜ አስወረደሽ። ፊትሽ ደም የሚባል አልነበረበትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ዳፍንት ይይዝሽና ግድግዳ እየዳበስሽ ነበር ወደ ጓዳ የምትገቢው። በዚያም ላይ ታሾፊ ነበር፤ ሲመሽ ባሌን በድምፁ ነው የማውቀው፣ መልኩ ቢቀርብኝም ብዙ አልተጎዳሁ እያልሽ ጎረቤቱን ታስቂ ነበር።

አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው ዐይነ ጥላ ነው አለ። ክታብ አሠራን፤ ጠበል ሄድን። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ግን አንድ ነበር፦ ደኅና ምግብ ያስፈልጋታል። ደኅና ምግብ ሲባል በእኛ አገር ምን እንደሆነ ይታወቃል። የገብስ አጥሚት፣ የገብስ ገንፎ፣ በቅቤ የራሰ በሶ። የደከመን ሰው የሚያነሣ ሌላ ምን አለ?

ያ የበረዶው ዓመት ትዝ ይልሻል? ገብሱ እሸት ሊሆን ሲል በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአፈር ተቀላቀለ። ወይፈኑንና ሁለት በግ ነድቼ ወደ ስማዳ ወረድሁ፤ ወገዳ ገበያ ለውጬ ማሽላና ጤፍ በአህያ ጭኜ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ቁና ማሽላ ስትፈጪ ዐይንሽ እንባ ሞልቶ ነበር። የደጋ ሰው ማሽላ በላ መባል ለእኛ ነውር ነው፤ ጎረቤት ብቅ ሲል ሞሰቡን በጨርቅ ትሸፍኚው ነበር። አዝመራ እስኪደርስ ያንኑ በላን። ከጓሮ ድንች፣ ከታችኛው ማሳ በረዶው የማራት ጥቂት ባቄላ፣ ማሽላና ጤፍ።

በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ ሲከሳ አንቺ ወፈርሽ። ከንፈርሽ ዳነ። በርበሬ በላሽ። አንድ አመሻሽ ላይ ጥጆቹን ብቻሽን ከወንዝ ነድተሽ መጣሽና ከበር ቆመሽ፣ መልክህ እንደ ድምፅህ አይደለም ለካ አልሽኝ። ሳቅን። ጠበሉ ነው አልን፤ ስለታችን ሰመረ ብለን ለታቦቱ ጃንጥላ አስገባን። በየካቲት ፀነስሽ፣ ይኸኛው ጸና። ማስረሻን የወለድሻት በኅዳር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ፣ አውድማው ሞልቶ፣ ሁሉ ነገር ተመልሶ።

እናትሽ አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት አስጭነው መጡ። አራስ ነሽ፤ ገንፎው በቀን ሦስት ጊዜ ይገነፋል። እናትሽ በራሳቸው እጅ ያጎርሱሽ ነበር። ክርስትና ሳይደርስ ሆድሽ ተመለሰበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ዓመታት በዝርዝር አልጽፋቸውም። ክንድሽ ወፍጮ መግፋት ሲያቅተው እኔ ያዝሁት። ወንድ ወፍጮ ላይ ሲያጎነብስ ማን አይቶ ያውቃል? ጭቃ ሹሙ በበራችን ሲያልፍ አይቶኝ ገበያውን በኔ አሳቀው። ግድ አልሰጠኝም። ምርጥ ምርጡን ገብስ ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ እንዲልምልሽ ሁለት ጊዜ እየፈጨሁ በሶ አደረግሁልሽ። አንቺም ጥርስሽን ነክሰሽ ትበዪልኝ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ከመደብ ላይ ስትነሺ ጭንሽ ተሰበረ። ሳትወድቂ! ወጌሻው ዳብሶ ፊቱ ተለወጠ፤ ወደ ውጭ ጠርቶኝ፣ ይህ የሃያ አምስት ዓመት ሴት አጥንት አይደለም አለኝ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ደረስሁ።

ሰኔ ላይ ነው። ዝናብ ነበር። አንዲት የማሽላ እንጀራ ብቀምስ የምድን ይመስለኛል አልሽኝ። የዚያን የበረዶ ዓመት ዐይነት አምሮኛል አልሽ። እኔ ሳቅሁ። ጎተራው በገብስ ሞልቶ፣ የታመመች ሚስቱን ማሽላ አበላት ልባል ነው? አልሁሽ። ማሽላ ከወገዳ ለማምጣት ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ መንገዱ አልነበረም የከለከለኝ፤ ሰው ምን ይለኛል ማለቴ ነው። በሶውን አቀረብሁልሽ። ሦስት ጊዜ ጎረስሽና እኔን ደስ ይበለው ብለሽ ጣፈጠ አልሽ። በነሐሴ ቀበርሁሽ።

ማስረሻ ስድስት ዓመት ሲሞላት ጀመራት። ሆዷ ተነፋ፣ ቂጧ ሟሸሸ፣ ጸጉሯ ሳሳ። መጀመሪያ ትላትል ነው ብለን ኮሶና እንቆቆ አጠጣናት፤ አልተሻላትም። እንዲህ ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ሲመሻሽ ስጠራት ወደ እኔ ስትሮጥ ከምሰሶው ጋር በግንባሯ ተላተመች። ምሰሶው ከፊቷ ነበር። ተነሥታ እጇን ዘርግታ ግድግዳ ስትፈልግ አንቺን አየሁ። በማግስቱ በቅሎ ተውሼ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ጉዞ ጀመርን። ሦስት ቀን ሄድን።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበረ፤ የሚለውን የሚያስተረጉምልኝ ደግሞ የእስቴ ልጅ የሆነ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነበር። ልጅቷን ብዙ ቀን መረመሯት። ከቤተ ሰቡ እንዲህ የታመመ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያንቺን ነገርሁት። ምላስሽን፣ ዳፍንትሽን፣ ያስወረደሽን፣ ጭንሽን። ድሬሰሩ ገና አስተርጉሞ ሳይጨርስ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ፣ በመሃል የዳነችበት ጊዜ ነበር ወይ አለኝ። አንድ ዓመት ነበር አልሁት። በዚያ ዓመት ምን ትበላ ነበር አለ። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ድንች፣ ባቄላ ብዬ በጣቴ ስቆጥር አምስተኛው ጣቴ ላይ ገብስ የለም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ጥሩዬ፣ ያኔውኑ ነው የገባኝ፤ ሐኪሙ ገና ምንም አላለም።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አንዳንድ ሰው አለ፣ ገብስና ስንዴ አንጀቱን ከውስጥ የሚልጠው። የተላጠ አንጀት የበላውን አይዝም፤ ደም የሚሆነው ብረት፣ አጥንት የሚያጸናው ማዕድን፣ ለዐይን ብርሃን የሚሆነው ቫይታሚን ሁሉ እንደ ወንፊት ያልፈዋል። በሰው ፊት ትበላለች፣ በውስጧ ትራባለች አለ ድሬሰሩ። በእናቶች በኩልም በአባቶች በኩልም ይወረሳል፤ ልጅቷን ከአሁን ጀምሮ የገብስና የስንዴ ዱቄት ጣት ያህል እንኳ እንዳይነካት፤ ወፍጮው ላይ የቀረው ብናኝም ይጎዳታል። ክኒን ሰጡን፣ እንቁላልና ወተት አበሏት። በሦስተኛው ሳምንት ሲመሽ ፋኖሱን በጣቷ አሳየችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ወፍጮሽን ነቅሎ ከአጥር ውጭ ማውጣት ነው። መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጉድጓዱን የሠራው ያንቺ ክንድ ነው፤ ያለሰለሰው የኔ። አዲስ ድንጋይ አስወቅሬ አስተከልሁ፤ ገብስ አይቶ አያውቅም።

ለእናትሽ የነገርኋቸው ግማሹን ብቻ ነበር። ሐኪሙ ልጅቷን ገብስ ከልክሏታል አልሁ፣ ያንቺን ዋጥሁት። አሮጊት ናቸው፤ ያጎረሱበትን እጅ እንዴት አድርጌ አነሣባቸዋለሁ? እሳቸው ግን ልጅቷን የነፈግኋት መሰላቸው። የእናቷን እህል ልጇን ይከለክላታል ብለው ለጎረቤት አለቀሱ። በዓመቱ የልጅቷ ሆድ እንደገና ተነፋ፤ ዳፍንቷ ተመለሰ። ክኒኑም ምንም አላደረገላት። አንድ ቀን ቀሚሷን ሳራግፍ ከኪሷ የገብስ ቆሎ ረገፈ። አያቴ ናት የምትሰጠኝ አለች ልጅቷ፣ እንዳልቆጣ እየፈራች።

እናትሽ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የበረዶውን ዓመት፣ በሶውን፣ እኔ እየፈጨሁ ያበላሁሽን። ራሴን አስቀድሜ ነው የከሰስሁት፣ የሳቸው እንዳይከብድባቸው። አልሆነም። ከምስሩ ቀና ሳይሉ፣ «ገንፎውም?» አሉኝ።

አዎ አልኋቸው። መዋሸት እችል ነበር፤ ብዋሽ ግን ቆሎው ይቀጥላል።

ምስሩን ለቅመው ጨረሱ። አላለቀሱም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅሽን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ውሃ ሲሰጧትም፣ ጸጉሯን ሲሠሯትም፣ ስትታቀፋቸውም። በቀን ሃያ ጊዜ ይሆናል። ለብናኙ ብለው ይሁን ለሌላ ነገር ብለው አልጠየቅኋቸውም። እጃቸው ተላልጧል።

ልጅሽ አለች ያልሁሽ ይህ ነው። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። እግሯ ትንሽ ቆልመም ብሏል፣ ጥርሷ ተሸራርፏል፤ ሐኪሙ ያለፈው አይመለስም ብሎኛል። ግን ታያለች። ትሮጣለች። አፏ ያንቺው ነው፤ በቀደም ለት እኔን፣ አባዬ ሲመሽ ይሻልሃል ብትለኝ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

የሰባት ዓመት ተዝካርሽን ለነሐሴ እየደገስሁ ነው። ዳቦ የለም፤ ጠላውም የገብስ አይደለም። ወገዳ ወርጄ አራት አህያ ማሽላ አስመጥቻለሁ። ጭቃ ሹሙም ይመጣል፣ ካህናቱም ይመጣሉ፤ በተዝካር ማሽላ ያበላ ተብዬ እስክሞት ይወራብኛል። ሞሰቡን ግን በጨርቅ አልሸፍነውም።

አንቺን አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ለሟቹ ይለዋል። እኔ ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። ልጅሽ እናቴ በምን ሞተች ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፣ ሁለት ጊዜ በእግዜር ቁጣ ብያታለሁ። ከእንግዲህ አልልም። በተዝካርሽ ዕለት የመጀመሪያዋን እንጀራ በእጇ ላይ አስቀምጥና እንዲህ እላታለሁ፦ እናትሽን ይህ አምሯት ነበር፤ አባትሽ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከለከላት።

ባልሽ