የዘጠና ሦስት ሳንቲሜትሩ በር ጉዳይ

ለተከበሩ የክልላችን ምክር ቤት አባልና የሥራ ቦታ ደህንነት ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወንበርዎም የተመቸ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ረስተውኝ ከሆነ፣ የበር ፋብሪካዎ አንዲት የኪራይ ክፍል በነበረበት ዘመን የመጀመሪያው በያጅዎ ነበርኩ። ሁሉን ነገር አሁኑኑ ይፈልጉ ስለነበር እኛ ሠራተኞችዎ ከጀርባዎ «አቶ አሁኑኑ» እንልዎት ነበር፤ ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከአንዲት ክፍል ተነሥተው መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ማቆምዎን፣ ከዚያም ሕዝብን ለማገልገል ሲሉ ፋብሪካውን ለባለቤትዎ ወንድም አስረክበው ምክር ቤት መግባትዎን በአድናቆት ተከታትያለሁ። ፋብሪካው ከእርስዎ ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው በሬዲዮ ሦስት ጊዜ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢናገሩ ኖሮ አምኜ ዝም እል ነበር።

አሁን ወደ ጥቃቅን ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ ለመጪው ሐሙስ ለድምፅ ያቀረቡት ረቂቅ አዋጅ የማንኛውም የሥራ ቦታ መውጫ በር ስፋቱ ልክ ዘጠና ሦስት ሳንቲሜትር እንዲሆን፣ አይጠብም አይሰፋም፣ ይህን ያላሟላም በሦስት ወር ውስጥ እንዲታሸግ ያዝዛል። በሕዝብ ውይይቱ ላይ ቁጥሩ ከረጅም ጥናት የተገኘ መሆኑን ሲያስረዱን፣ እጄን አውጥቼ ጥናቱን ማን እንዳጠናው ጠየቅሁ። ሰዓት ማለቁ በትሕትና ተነገረኝ። ትሕትናው ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፦ ጥናቱን ያጠናሁት እኔ ነኝ። ያኔ የእኔ ሜትር ጫፉ ሦስት ሳንቲ ተቆርጦ ስለነበር፣ ዘጠና ሲፈለግ ዘጠና ሦስት ላይ ምልክት ማድረግ ለምዶብኝ ነበር። የበር ፍሬም የምንገጣጥምበትን የመጀመሪያውን የብረት ፎርማ በሠራሁ ዕለት እርስዎ አዲስ ሜትር ገዝተው ሰጡኝ፤ አጠገቤ ቆመው ሲያጣድፉኝ እጄ እንደ ልማዱ ዘጠና ሦስት ላይ አሰመረ። ስህተቱን ባየሁ ጊዜ ፎርማውን አፍርሼ ልሥራው ብዬ ብለምንዎ ጊዜ የለም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካዎ የወጣ በር ሁሉ ልኩ ያው ነው፤ በከተማችን በዚህ ልክ የሚሠራ ሌላ በር ሠሪ አንድም የለም። ይህን የማውቀው ሁሉም ጓደኞቼ ስለሆኑና እስከ ዛሬ ስለሚስቁብኝ ነው።

ሦስተኛውን ያለ ቀልድ ልጻፈው። እኔና ልጄ የምንበይድባት ክፍል ከአንድ መኖሪያ ፎቅ ሥር፣ በደረጃውና ፎቁን በተሸከመው ምሰሶ መሐል ያለች ናት። በሯ ዘጠና ነው። ሦስት ሳንቲ ለመጨመር ምሰሶውን መጥረብ ግድ ይላል፤ ከጠረብነው ደግሞ ከላይ ያሉት ሰባት ቤተሰቦች እላያችን ላይ ይወርዳሉ። ልጄ ብየዳ የተማረችው እዚያ ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ደህና የዋልነውም እዚያ ነው። ሐሙስ እጅ ከወጣ ክፍላችን ትታሸጋለች፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ በዚህ ወገብና በእነዚህ ዓይኖች፣ ማን በያጅ ብሎ ይቀጥረኛል? ፈርቻለሁ። ተናድጃለሁም።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ልጄ ይበቃል ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ስህተቴን ሕግ ሊያደርጉልኝ በማሰብዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ስህተቱ ሲያስወቅሰው እንጂ በአዋጅ ሲጸናለት አይቶ አያውቅም። ሆኖም ይህን ክብር ለመሸከም አቅም ስለሌለኝ፣ ከሐሙስ በፊት ቁጥሩን ከረቂቁ እንዲያወጡልኝ፣ የማይወጣ ከሆነም ጥናቱን ለሕዝብ እንዲያሳዩ በትሕትና እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከማያንስ ጥርጣሬ ጋር፣

የቀድሞ በያጅዎ፣ የዛሬ መራጭዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስሰናዳ፣ ትናንት ረፋድ ላይ የባለቤትዎ ወንድም በሁለት ሰዎች አሸክመው አዲስ በር በነፃ ላኩልኝ። በሕዝብ ውይይቱ አዳራሽ ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በነፃ በር የደረሰውም ለእኔ ብቻ ነው፤ መቼም አጋጣሚ ይሆናል። በሩ በክፍተቱ አልገባ ስላለ ሰዎቹ ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ሄዱ። ልጄ አቧራውን ስትጠርግ ላሜራው ላይ «በሥራ ቦታ መውጫ በሮች አዋጅ መሠረት የተመረተ» የሚል ጽሑፍ ታትሞ አገኘች፤ ከሥሩ ያለው የምርት ቀን ከዛሬ አምስት ወር በፊት ነው። ያኔ እንኳን አዋጁ፣ ረቂቁም አልተጻፈም ነበር። ሐሙስ ጠዋት እኔና ልጄ በሩን ተሸክመን እንመጣለን፤ የምክር ቤቱ መግቢያ ሰፊ ስለሆነ እዚያ ይገባል።