ዋኘው የጠቀለለው ክር

ፔታሕ ቲክቫ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ 1996

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ እማዬ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? ከሰፈሩ ሰውስ ማን ደህና፣ ማን ታሟል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ሃጋር በቁመት አልፋኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ የእርስዎን ፎቶ ግን ከራስጌዋ አታነሳም። እኔ ያው ፋብሪካ ጽዳት ላይ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ፀሐይቱ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ልጅዎ ዋኘው ሳይታመም የዓሣ ማጥመጃ ገዝቶ ነበር። ዘንጉ ላይ ክር የሚጠቀለልበት ትንሽ መኪና አለው፤ እዚህ ሮለር ይሉታል። ክሩን በገዛ እጁ ጠቅልሎ "ሲሻለኝ ወንዝ እወርዳለሁ" እንዳለ ቀረ። እሱ ካረፈ ወዲህ ዘንጉ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ኖረ። ዘንድሮ ሃጋር ቤት ስታጸዳ አወረደችውና "ኢማ፣ ወይ ተጠቀሚበት ወይ ለሰው ስጪው" አለችኝ፤ ኢማ እናት ማለት ነው። ተናደድኩ። ኋላ ግን ልስጠው ብዬ አብሮኝ ለሚሠራው ለቢራራ ነገርኩት። ቢራራ የደንቢያ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሱዳን በረሃ ላይ ሞታ ቀርታለች። ዓርብ ዓርብ ያርኮን ወንዝ ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል። አልቀበልም አለኝ። ከፈለግሽ ግን አጠማመዱን አሳይሻለሁ አለ።

መጀመሪያ እዚሁ ሰፈራችን ሐዳር ጋኒም፣ ሕንጻችን ግቢ ውስጥ፣ መንጠቆ ሳናስር ለክብደት በሚታሰረው የእርሳስ ድቡልቡል ብቻ ሞከርን። የሮለሩን ቁልፍ ተጭኜ ስወረውር ክሩ ይለቀቃል፤ ያኔ አውራ ጣቴ ክሩ ላይ ለስለስ ብሎ ማረፍ አለበት። ካነሳሁት መጠቅለያው ከእርሳሱ ቀድሞ ይሽከረከርና ክሩ ይተበተባል። ከተጫንኩት ደግሞ እግሬ ሥር ዱብ ይላል። የሕንጻው ሴቶች ከሰገነት ሆነው ሲስቁብኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ወንዝ በወረድን ዕለት ግን ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ሆነ። ቢራራ ካራ አውጥቶ እንቁረጠው አለ። ዋኘው የጠቀለለው ነው አልኩት። "በሰደር፣ እሺ" ብሎ ካራውን ኪሱ ከተተና አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ጫፉን እየፈለግሁ ስፈታ፣ እሱ ሲይዝልኝ ረፈደ። ክሩ አርጅቶ ኖሮ እጄ ላይ ብጥስ አለ። አለቀስኩ፣ እማዬ። ከለቅሶው ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።  ቢራራ በሚቀጥለው ዓርብ አዲስ ክር ይዞ መጣና "አንቺ ጠቅልዪው" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሃጋርም አብራን ወረደች። ወረወርኩ፤ ጣቴ ሳይፈራም ሳይጫንም አለፈ፤ እርሳሱ ከወንዙ መሃል ጠብ አለ። ትልቅ አምባዛ ያዝኩ። ቅርፊት ስለሌለው በሕጋችን አይበላምና ለቀቅነው። ሃጋር ዓሣው ወደ ውኃው ሲመለስ እያየችው በአማርኛ "አባዬ ቢያይሽ" አለች።

ስንመለስ ልጅቷ ቀደም ብላ ሄደች። ቢራራ፣ ወላጆችሽ ካረፉ በአንቺ ነገር ሽማግሌ የሚላከው ወደ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

"ጎንደር እናት አሉኝ" አልኩት።

 ቃልዎ እስኪደርሰኝ እሺም እምቢም አልለውም።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ የሚጠብቁት የመምጫ ወረቀት ወጥቶልዎ እዚህ ደጃፌ ላይ ለመሳም ያብቃኝ።

ምራትዎ ሳልሆን ልጅዎ የሆንኩ