አባዬ፣ ወደዚያ ክፍል ልመለስ?

አይደለም አልኩህ እኮ አባዬ! ትምህርት ያቆምኩት ሒሳብ ከብዶኝ አይደለም። አንተም ታውቀዋለህ።

ከሄድክ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ያንተ ነገር ግን ከከተማችን ከውጫሌ አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ በረንዳ ላይ ታስተምራቸው የነበሩት የሰፈር ልጆች አሁንም ይመጣሉ። እማዬ በሩን ትከፍትላቸዋለች፤ እነሱም ተደርድረው እኔን ያዩኛል። ምን ላድርጋቸው? ፕሮፌሰሩ አንተ! ብጮህባቸው ይስቃሉ እንጂ አይሄዱም።

አጎቴ ሰዒድ ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ለአስራ አንደኛ ክፍል እስክትመዘገቢ ከግቢ አትወጪም ብሏል። የእድራችን፣ የቅሬው ሽማግሌዎችም ለሶደቃህ ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ላንተ ምህረት ለምነው ሳይጨርሱ ወደኔ ዞሩ፤ አላህ ወደ ትምህርቷ ይመልሳት ብለው። ግቢ ሙሉ ሰው አሚን አለ። በዱዓ አልከራከር ነገር!

ሐይቅ ዳር የወሰድከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ሳንሻገር ስፋቱን እንዴት እናውቃለን ብለህ ጠየቅከኝ። ባለ ጀልባውን መጠየቅ ነዋ አልኩህ። ሻይህ እስኪደፋ ሳቅክ። ለካ ያንን ወስደህ መምህር ለሚሆኑት ተማሪዎችህ ስታስተምርበት ኖረሃል! ለቅሶ የመጡት ተማሪዎችህ ሁሉ፣ ባለ ጀልባውን ልጠይቅ ያልሽው አንቺ ነሽ እያሉ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁብኝ። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። እኔ ልጅህ ነኝ ወይስ ምሳሌህ?

የኛ የሒሳብ መምህር አንተ ባሳየኸኝ መንገድ በስዕል ለሠራሁት ዜሮ ሰጥቶኝ፣ ክፍሉ ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ። ቤት መጥቼ ሳለቅስ አንተ ምን አልክ? መምህሩ ምን አስቦ ይሆን አልከኝ! ዕድሜህን ሙሉ ተማሪ ሒሳብ ለምን እንደሚጠላ ስታጠና ኖረህ፣ እኔ ፊትህ እያለቀስኩ የሱ ሐሳብ አጓጓህ? ከሱ ይልቅ ያኮረፍኩት አንተን ነው። ሳንታረቅ ታመምክ።

ያ መምህር አሁን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያንተን ጥናት አንብቦ በስዕል ያስተምራል አሉ። ደጃችን ድረስ መጥቶም ይቅርታ ጠየቀኝ። ለሚሰድበኝ ሰው መልስ አላጣም፤ ለሚለማመጠኝ ግን ምን ልበል? ብመለስ ተሸነፍኩ። ብቀር ሰው ሁሉ የሚለው ያንተን ስም ነው፤ የሀገር ልጅ አስተምሮ የራሱን አቃተው ይሉሃል። በየት በኩል ልውጣ?

አልረሳህም፤ ብፈልግስ ማን ያስረሳኛል? ግን ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ አጎቴ ቃሌን ሊሰማ ከመግሪብ በኋላ ይመጣል። ዛሬ ጥያቄ አልፈልግም። ተመለሺ ወይም ተይው በለኝ፣ በቃ። ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ነኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደውልልኝ!