ከመሳቢያው የሚመጣው ድምፅ

ሰኔ 4
ሜድስቶን፣ እንግሊዝ። ብርድ። የጎረቤቴን ቶስተር ጠገንኩ። አልጋ ሳነጥፍ ከአጸደ መሳቢያ ድምፅ ሰማሁ... ዝዝዝ... ከዚያ ዝም። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።
«ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አልኳት። በሕይወት እያለችም እንዲህ ነበር የምታጉረመርመው። ሳቅኩ። መሳቢያውን ግን አልነካሁትም።

ሰኔ 6
ደገመው። ስጸልይ።
ከፈትኩት። ከነጠላዋ ሥር... ያ የመኝታ ቤት ዕቃችን፣ የሚንቀጠቀጠው። እንዴት ረሳሁት? ከሕመሟ በኋላ የሆስፒታሉ ነርስ ናት «ለባልና ሚስት ጥሩ ነው» ያለችን። ልንገዛው ስንሄድ ሱቁ በር ላይ አጸደ እስከ ዓይኗ ተከናንባ፦ «ወልዴ፣ የማኅበር ሰው ካገኘን ባትሪ ልንገዛ ነው በል!»
አሁን ራሱን ያበራል። ሆዱ አብጧል። ባትሪው ነው። ግን ቡሎን የለው፣ ክዳን የለው... ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቋል። እንዲጣል እንጂ እንዲጠገን አልሠሩትም። ልጣለው?

ሰኔ 9
የእህቴ ልጅ ያኔት መጣች። ዲዛይነር ናት። እናቷ «የሕክምና ዕቃ» ትላለች፤ የምትሠራው ግን ይህንኑ ዓይነት ዕቃ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።
«ቄሱ ሥራዋ ምንድን ነው ቢሉኝስ?»
«ሰስቴነብል ነው በላቸው፣ ጋሼ!» ቶሎ የማይጣል፣ አካባቢን የማይጎዳ ማለቷ ነው።
የሠራችውን አዲስ ሳምፕል ሰጠችኝ። ሞተሩ ለብቻ፣ ባትሪው ለብቻ፣ ላዩን የሸፈነው ሲሊኮን ለብቻ ይፈታል። የተበላሸው ብቻ ይቀየራል። «አንተ መክፈት ካቃተህ ማንም አይከፍተውም» አለች። ፈታሁ፣ ገጠምኩ። መሳቢያ ውስጥ ስላለው ልነግራት ፈለግኩ... ለእህት ልጅ እንዴት ይነገራል?
ዝዝዝ።
«ጋሼ፣ ስልክህ ነው?»
«አጸደ ናት» አልኳት።
አልሳቀችም። ድምፁን ተከትላ መሳቢያውን ከፈተች። ዕቃውን አይታ፦ «ይሄ እሳት ያስነሳል። ዛሬውኑ ይውጣ።»
«ሚስቴን ከቤት ልታስወጪ ነው?»
«ጋሼ... ቤቱ ይቃጠላል።»
ጓሮ ወጣን። ሲሊኮኑን ቀስ ብዬ ቀደድኩ። አጸደን ይቅርታ እየጠየቅኩ። ባትሪው አሸዋ ባልዲ ውስጥ ገባ።
«ሞተሩ ደህና ነው» አለች ያኔት። «ላስቀምጥልህ?»
በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰኔ 10
ባትሪውን አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስበው የሪሳይክል ጣቢያ አስረከብን። እዚያ ያለው ሰውዬ ከምን እንደወጣ ጠየቀን። ያኔት እኔን ቀድማ፦ «ከአክስቴ ሬዲዮ።» የአጸደ ልጅ ትመስላለች... ውሸቷም ጭምር።

ሰኔ 13
አልጋ አነጠፍኩ። ጠበቅኩ።
«ምን አጠፋሁ?»
ዝም።
ሞተሩ መሳቢያው ውስጥ ነው። ያኔት የሚገጥም አዲስ ባትሪ አጠገቡ አኑራልኛለች። ብገጥመው ያጉረመርማል... አውቃለሁ። ግን ያኔ የማበራው እኔ ነኝ። እሷ ሳልጠራት ነበር የምትመጣው።
ባትሪውን ሳልገጥም መሳቢያውን ክፍት ተውኩት።