በሹራብ የተወተፈው የኩሽናችን አየር ማስወጫ

ቀን፦ ኅዳር 9

ለጋዝ ምድጃ ተከላ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኩሽናችን እንደገና ታይቶ የተከላ ፈቃድ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ አብስላ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ምሳ ታቀርባለች። የኤሌክትሪክ ምድጃችን አንድ ድስት ብቻ ስለሚያስጥድ ምሳው ይዘገያል። ሠራተኞቹም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ ቦታ እንደሚበሉ ነግረዋታል። የጋዝ ምድጃ የገዛነው ለዚህ ነው።

2. በመመሪያው መሠረት ወደ ውጭ የሚያስተነፍሱ ሁለት ቀዳዳዎች አስከፍተናል፤ አንዱ ከጣሪያው ሥር፣ ሌላው ከወለሉ አጠገብ ነው። ጋዝ ቢያፈተልክ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ እንደሚተኛ ባለሙያዎ አስረድተውናል። ለእኔና ለባለቤቴ ገብቶናል። አብረውን ለሚኖሩት አማቴ ግን ሊገባቸው አልቻለም።

3. ባለሙያው መጀመሪያ ሲመጡ የታችኛው ቀዳዳ በእኔ ሹራብ ተወትፎ አገኙት። ጠዋት አውጥቼው ነበር፤ አማቴ መልሰው የወተፉት እንግዳውን በር ላይ ስቀበል ነው። ለምን ብላቸው፣ «ሰውዬው ደረጃ ወጥቶ ላብ በላብ ሆኗል፤ እኛ ቤት ብርድ ቢመታው ማን ሊጠየቅ ነው?» አሉኝ።

ባለሙያው ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጡ ሲሉ ሹራቡን ሱቄ ወስጄ ቆለፍኩበት። አማቴ ደግሞ ለእንግዳ የተበሳ ግድግዳ ማሳየት ነውር ነው ብለው፣ ወንበር ላይ ሳይቀር ወጥተው፣ ሁለቱንም ቀዳዳ በጥልፍ ጨርቅ ጋርደው ጠበቋቸው። ባለሙያው «እማማ፣ ይሄ እኮ እንዲተነፍስ ነው» ቢሏቸው፣ «ይተንፍስ፤ እኔስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አይደል የምተነፍሰው?» ብለዋቸዋል። ባለሙያው «ብቁ አይደለም» ብለው ጽፈው ሄዱ።

4. ውሳኔው ትክክል ነው፤ በባለሙያው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በአማቴ ላይ ነው፤ እሱን የሚቀበል ቢሮ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ከብዙ ልመና በኋላ አማቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል፦ ነፋሱ አይጎዳም የሚሉት ባለሙያ ራሳቸው ጀርባቸውን ለታችኛው ቀዳዳ ሰጥተው ምሳ ይብሉ፤ ካላስነጠሳቸው ዳግመኛ እጄን ቀዳዳው ላይ አላሳርፍም ብለዋል። አማቴ ቃላቸውን አያጥፉም።

5. ስለዚህ ባለሙያው በምሳ ሰዓት እንዲላኩልን እጠይቃለሁ። ምሳው እንደ መደለያ እንዳይቆጠርብኝ፣ የሚበስለው በዚያው በኤሌክትሪክ ምድጃ በመሆኑ በሰዓቱ ላይደርስ እንደሚችል ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ባለሙያው በአሁኑ ወቅት ጉንፋን ይዟቸው ከሆነ ግን፣ ስለ ባለቤቴ እንጀራ ሲባል፣ ጤነኛ ባለሙያ እንዲመደብልን በትሕትና እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፦ ልብስ ሰፊው፣ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ